ለደስታ የተቋጠረ ገንዘብ፦ የቤተሰብ ጉዞ፣ ወጪና ቁጠባ በጣና ዳርቻ

ወደ ባሕር ዳር ለመጓዝ የሚያስብ ቤተሰብ ሁለት ሒሳብ ይይዛል። አንደኛው በወረቀት የሚሰፍረው የትራንስፖርት፣ የአልጋ፣ የጀልባና የምግብ ወጪ ነው። ሁለተኛው ጮክ ተብሎ እምብዛም የማይነገረው የኅሊና ሒሳብ ነው። የልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ እየጠበቀ፣ አገር ቤት ያለች አክስት መድኃኒት መግዣ አጥታ፣ ሐይቅ ዳር ተቀምጦ ዓሣ መብላት ተገቢ ነው ወይ? ጥያቄው ከሌላው ወገንም ይነሣል። ዓመት ሙሉ የተጠበቀን ጉዞ «ይሄ ይቅርብን፣ ያም ተወደደ» እያሉ የሚጨርሱ ወላጆች ብሩን ያተርፉ ይሆናል፤ ጉዞውን ግን ያጡታል።

ብዙ ሰው ሃይማኖት በዚህ ላይ አንድ መልስ ብቻ ያለው ይመስለዋል፤ ቆጥብ፣ ለድኻ ስጥ፣ ዓለም ኃላፊ ናት። መጻሕፍቱን ቀረብ ብሎ ላያቸው ግን መልሱ እንዲህ ቀጥተኛ አይደለም።

ኦሪት ዘዳግም በ14ኛው ምዕራፉ ስለ ቤተሰብ ጉዞ ገንዘብ የሚደነግገው ሕግ ለጉዳዩ እጅግ የቀረበ ነው። ገበሬው ከእህሉ፣ ከወይኑና ከዘይቱ በየዓመቱ አሥረኛውን እጅ ለይቶ ያስቀምጣል፤ እግዚአብሔር ወደ መረጠው ቦታም ወስዶ ከነቤተሰቡ በዚያ ይበላዋል። መንገዱ ርቆ እህሉን መሸከም ካልቻለ ይሸጠውና ገንዘቡን ቋጥሮ ይሄዳል። ከዚያ እንደ ደረሰ ነፍሱ የወደደችውን፣ በሬም ቢሆን በግ፣ ወይን ጠጅም ቢሆን ሌላ ብርቱ መጠጥ፣ ገዝቶ ከቤተሰቡ ጋር እንዲደሰት ታዝዟል። ርስት የሌለውን ሌዋዊም እንዳይዘነጋ ተነግሮታል። በሦስተኛው ዓመት ግን ያ አሥራት ከከተማው አይወጣም፤ ሌዋዊው፣ መጻተኛው፣ የሙት ልጁና መበለቲቱ እስኪጠግቡ ይበሉታል። የአይሁድ ሊቃውንት ይህን በሰባት ዓመት ዑደት አደላድለውታል፤ በአንደኛው፣ በሁለተኛው፣ በአራተኛውና በአምስተኛው ዓመት አሥራቱ በኢየሩሳሌም ይበላል፣ በሦስተኛውና በስድስተኛው ለድኾች ይሰጣል፣ ሰባተኛው ምድሪቱ የምታርፍበት ነው።

በዚህ ሕግ ደስታ ከቁጠባ የተረፈ ፍርፋሪ አይደለም። ገና ከመከሩ ዕለት ጀምሮ የራሱ ድርሻ ተለይቶ የሚቀመጥለት ጉዳይ ነው። ድርሻው ግን ልክ አለው፤ አሥረኛው እጅ እንጂ ዘሩና የእርሻ በሬው አይነካም። ማዕዱም ከቤተሰቡ ክበብ ወጣ ይላል፣ ባለ ርስት ያልሆነው ሰው ተጠርቶበታልና። ከሁሉ የሚያስገርመው ደግሞ የጉዞው ገንዘብ በየሦስት ዓመቱ አገር ቤት መቅረቱ ነው። ለመሄድም ላለመሄድም ቀጠሮ የተያዘለት ስለሆነ ጉዞና ምጽዋት በየጊዜው እየተናጠቁ አይጣሉም። በአዲስ አበባ ዕቁብ ገብተው እጣቸው ሲወጣ ቤተሰቡን ይዘው የሚወጡ ሰዎች፣ እንዲሁም የአውቶቡሱን ክፍያ ከወራት በፊት ጀምረው በጥቂት በጥቂቱ የሚሰበስቡ የመንፈሳዊ ጉዞ ማኅበራት፣ አውቀውትም ሆነ ሳያውቁት በዚሁ ፈለግ ይሄዳሉ። ለበዓል በሬ ቅርጫ የሚገባ ሰው ማንንም አያስደንቅም፤ ለልጆቹ ጉዞ ዕቁብ የሚጥል አባት ግን ዛሬም እንደ ቅንጡ መታየቱ ግራ ያጋባል።

ወንጌልም ወደ አንድ ወገን ብቻ አያጋድልም። በቢታንያ አንዲት ሴት 300 ዲናር የሚያወጣ ሽቱ በኢየሱስ ላይ ባፈሰሰች ጊዜ ተቃውሞ ተነሣ። ዲናር የአንድ ቀን ሠራተኛ ደመወዝ ስለነበር የፈሰሰው የዓመት ደመወዝ ያህል ነው። «ለድኻ ቢሰጥ ኖሮ» የሚለው ተቃውሞ ከላይ ሲታይ ልክ ይመስላል፤ ኢየሱስ ግን ለሴቲቱ ቆመላት። ያው መምህር አምስት ሺህ ሰው ካበላ በኋላ ፍርፋሪው እንዳይጠፋ አስለቅሞ 12 መሶብ አስሞልቷል። ቅዱሱ ቤተሰብ ራሱ በዓመት በዓመት ለፋሲካ ወደ ኢየሩሳሌም ይወጣ ነበር። ሉቃስ ይህን የሚተርከው ስለ ድኻ ቤተሰብ ነው፤ ሕፃኑ ወደ ቤተ መቅደስ በገባ ጊዜ የቀረበው መሥዋዕት ጠቦት መግዛት ላልቻሉ የተፈቀደው የወፎች ጥንድ ነበርና። ጉዟቸውም ከዘመድና ከጎረቤት ጋር በመንጋ ነበር፤ የ12 ዓመቱ ልጅ ቀርቶ አንድ ቀን ሙሉ ሳይታወቅ የቆየው ከዘመዶቹ ጋር መስሏቸው ነው። በኅብረት መጓዝ ወጪ ይቀንሳል፤ ልጅ መቁጠር ግን አይቀርም።

የእስልምና ትምህርት ነገሩን በአጭሩ ያስቀምጠዋል። የሱረቱል ፉርቃን 67ኛ አንቀጽ ደጋጎቹን የአላህ ባሮች ሲገልጽ ከማባከንም ከመሰሰትም የራቀውን የመካከል መንገድ ባሕርያቸው ያደርገዋል። የበለጠ የሚያስተምረው ግን የሐጅ ሕግ ነው። ከሃይማኖቱ ምሰሶዎች አንዱ የሆነው ይህ ታላቅ ጉዞ እንኳ ግዴታ የሚሆነው በቻለ ሰው ላይ ብቻ ሲሆን፣ የሕግ ሊቃውንቱ «መቻልን» ሲተነትኑ የመንገዱን ስንቅና መጓጓዣ ብቻ አልቆጠሩም፤ ተጓዡ እስኪመለስ ድረስ ቤት የቀሩት የሚተዳደሩበትንም ጨምረዋል። የቅዱስ ጉዞ ሕግ ይህ ከሆነ ለሽርሽር ሲሆን ይበልጥ መጥበቁ ግልጽ ነው።

አርስቶትል በኒቆማኮስ ሥነ ምግባር አራተኛ መጽሐፍ ልግስናን በብክነትና በንፍገት መካከል አስቀምጦ፣ ከሁለቱ ጥፋቶች ንፍገት የከፋ ነው ይላል። አባካኙን ዕድሜና እጦት ሊያርሙት ይችላሉ፤ ንፉጉን ግን የማይድን አድርጎ ያየዋል። ቀጥሎ ስለ ታላላቅ ወጪዎች ሲናገር ሁለት ሰዎችን ይስላል፣ ሁለቱም ዛሬ በማንኛውም ሐይቅ ዳር ሆቴል የሚገኙ ናቸው። አንዱ ለማኅበር ጓደኞቹ የሠርግ ያህል ድግስ የሚደግስ ነው፤ የሚያወጣው ለነገሩ ሳይሆን ሀብቱ እንዲታይለት ነው። ሌላው ብዙ ገንዘብ ካወጣ በኋላ በጥቂት ሳንቲም ስስት የሥራውን ውበት የሚያበላሽ ነው። ለመላው ቤተሰብ የአውሮፕላን ቲኬት ገዝቶ ሲያበቃ ከጀልባው ወርዶ የገዳሙ መግቢያ ክፍያ ላይ «እኔ ውጭ ልጠብቃችሁ» የሚለው አባት ይኸኛው ነው።

እነዚህን ትምህርቶች አንድ ላይ የሚያስተሳስር ጥያቄ አለ፤ የብሩ መጠን ሳይሆን ሸክሙን የሚሸከመው ሰው ማንነት ነው። ቁጠባው ዋጋውን ለሌላ ሰው አሳልፎ ከሆነ ቁጠባ መባሉ ይቀራል። ወጪው ደግሞ ተካፋይ ከሌለው፣ ወይም ቤት የቀረውን ሰው አስርቦ ከተገኘ፣ ደስታ መባሉ ያጠራጥራል። ይህ መመዘኛ ባሕር ዳር ላይ ሲፈተሽ የሚሰጠው ፍርድ ዋጋ ብቻ አይቶ ከሚሰጠው ፍርድ ብዙ ጊዜ ይለያል።

ከዘመድ ቤት ማረፍን ማየት ይበቃል። ለብዙ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ የከተማ ጉዞ ማለት ዘመድ ጥየቃ ነው፤ የሆቴል ወጪም ሒሳቡ ውስጥ አይገባም። ግን ወጪው አልጠፋም፣ ቤት ቀየረ እንጂ። አስተናጋጇ ዶሮ ታርዳለች፣ አልጋዋን ለእንግዳ ለቃ ልጆቿን መሬት ታነጥፍላቸዋለች፣ ለወሩ የገዛችው ዘይትና በርበሬ በሳምንት ያልቃል። በዚህ ሁሉ መሐል «ምንም አላወጣንም» ብሎ የሚመለስ እንግዳ ሒሳቡን በግማሽ ብቻ የሠራ ነው። ባዶ እጅ አለመሄድ፣ ስኳርና ቡና ይዞ መግባት፣ ይህን የተሸሸገ ሒሳብ በከፊል የሚያወራርድ የቆየ ሥርዓት ነው። ሆኖም ዘመድ እያለ ሆቴል መግባትም ሌላ ዕዳ ይፈጥራል፤ «ቤት እያለህ» የሚለው ቅያሜ በብር አይከፈልም። የዘዳግም ሕግ እዚህ ላይ መፍትሔ ይጠቁማል፤ በአልጋ የተረፈው ገንዘብ ለማዕዱ ማስፊያ ይዋል። ጀልባው ሲከራይ የአስተናጋጅቱ ልጆችም ይሳፈሩ። ከተማው ውስጥ እየኖሩ የጣናን ገዳማት ያላዩ ቤተሰቦች ብርቅ አይደሉም፣ ሐይቁን በየቀኑ የሚያይ ሰው ጀልባ የሚከራይበት ምክንያት እምብዛም አያገኝምና።

ጀልባው ራሱ የጉዞው ትልቁ የወጪ ጥያቄ ነው። የግል ሞተር ጀልባ በአብዛኛው የሚከራየው በሰው ቁጥር ሳይሆን ሙሉ በሙሉ ስለሆነ ሁለት ቤተሰብ ሲጋራው ወጪው ለሁለት ይከፈላል፤ ይህ ማንንም የማይጎዳ ቁጠባ ነው። ዘጌን ብቻ ማየት ለሚፈልግ የየብስ መንገድም አለው፣ ርካሽም ነው። ነገር ግን ባሕር አይቶ ለማያውቅ የሸዋ ልጅ አንድ ሰዓት ያህል ውኃ ላይ መሄዱ ከመዳረሻው የማይተናነስ ጉዳይ ስለሆነ እዚህ ላይ እጅን መዘርጋት አያስወቅስም። በአንጻሩ የሕይወት አድን ጃኬት የሌለውን ጀልባ በርካሽነቱ መምረጥ፣ ወይም ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ባለ ጀልባውን «ዋጋ ቀንስና እንሂድ» እያሉ መወትወት፣ ዋጋውን ልጆች ላይ የሚጥል ቁጠባ ነው።

ወዴት መሄድ የሚለውም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ክብራን ገብርኤል ለከተማው ቅርብ ነው፤ ዳጋ እስጢፋኖስም የዐፄ ይኩኖ አምላክን፣ የዐፄ ዳዊትን፣ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብንና የዐፄ ፋሲለደስን አፅም እንደያዘ የሚነገርለት ዝነኛ ገዳም ነው። ሁለቱም ግን ሴቶችን አያስገቡም። የቤተሰቡን ጀልባ ወደዚያ የሚያስነዳ አባት ገንዘቡ ከቤተሰቡ ግማሹን ብቻ እንደሚያስገባ ማወቅ አለበት፤ እናትና ሴት ልጅ ጀልባው ውስጥ ይቀራሉ። የገዳሙን ሥርዓት ማክበር አንድ ነገር ነው፣ የጋራውን ገንዘብ ለወንዶቹ ብቻ ማዋል ሌላ። በዘጌ ልሳነ ምድር ያሉት ዑራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም፣ ከክብራን አጠገብ ያለው እንጦስ ኢየሱስ፣ ራቅ ብሎም በደቅ ደሴት አጠገብ ያለው ናርጋ ሥላሴ ሴቶችንም ወንዶችንም ይቀበላሉ።

ዘጌ ለዚህ ጥያቄ ከሌሎቹ ሁሉ የበለጠ የሚናገር ቦታ ነው። የልሳነ ምድሩን ገዳማዊ ሕይወት አቡነ በትረ ማርያም እንደጀመሩት ይነገራል። በቆየው ሥርዓት በዚያ መሬት ማረስና ከብት ማርባት የተከለከለ በመሆኑ ነዋሪው በቡና፣ በጌሾና በፍራፍሬ ኖሯል። በጣና ዙሪያ ያለው ደን በአብዛኛው ሲመነጠር የዘጌ ደን የቆመው በዚህ እገዳ ነው። ዛሬ ጎብኚ ከፍሎ የሚያየው ጥላና የወፍ ድምፅ ትውልዶች ራሳቸውን ከልክለው ያስቀመጡት ሀብት ነው። ጣናና አካባቢው እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታነት ተመዝግቧል። ከወደቡ እስከ ዑራ በሚወስደው የእግር መንገድ ዳር ቡና፣ ከደንገል የተሠራ ትንሽ ታንኳና ሌላም የእጅ ሥራ ይሸጣል። ጎብኚው ትጥቁን ታጥቆ የሚከራከረው እዚህ ነው። በሆቴል ሒሳብ ላይ የተጨመረውን የአገልግሎት ክፍያ ሳያነብ የከፈለ ሰው ከአንዲት ሻጭ 20 ብር ለማስቀነስ ሩብ ሰዓት ሲቆም ይታያል። ገበያ ላይ መከራከር ነውር የለበትም፤ ነውሩ ክርክሩ አቅም ያነሰውን ብቻ እየመረጠ ሲሆን ነው።

ናርጋ ሥላሴን በ18ኛው መቶ ዘመን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። አርስቶትል ታላቅ ወጪ የሚለው ይህን ነው፤ ከወጪ አድራጊው ዕድሜ አልፎ ለሕዝብ የሚቆይ ሥራ። በሩቅ ደሴት ላይ እንዲህ ያለ ሕንጻና ሥዕል መትከል በዘመኑ ቅንጦት ቢባልም ዛሬ የማንም ልጅ ገብቶ ያየዋል። የተከፈለው ገንዘብ ከገበሬው ግብር የወጣ መሆኑን ግን ሥዕሎቹ አይናገሩም። የሚያምር ነገር ሁሉ ዋጋውን የከፈለውን ሰው ያስረሳል፣ የቤተሰብ አልበምም ቢሆን።

ለገዳም የሚቀርበው መባ ጧፍ፣ ዕጣን፣ ጃንጥላ ወይም መጋረጃ ይሆናል። በዚህ ላይ በወንጌል የተነገረው የመበለቲቱ ሁለት ሳንቲም ታሪክ መጠንን ከመለኪያነት ስላወጣው ብዙ ማለት አያስፈልግም። ጾም ግን ቆም የሚያደርግ ነገር አለው። በጾም ወራት የሚጓዝ ኦርቶዶክሳዊ ቤተሰብ ሥጋና ወተት ስለማያዝ የምግብ ወጪው ዝቅ ይላል፤ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር በሐይቁ ዳር ምግብ ቤቶች በየዓመቱ ቢታደስም። ወደ ግዕዝ ከተተረጎሙት የጥንት ክርስትና መጻሕፍት አንዱ የሆነው የሔርማስ መጽሐፍ ስለዚህ ትርፍ ግልጽ ነው፤ ጿሚው ያልበላውን ምግብ ዋጋ አስልቶ ለመበለት፣ ለሙት ልጅ ወይም ለተቸገረ እንዲሰጥ ያዛል። ስለዚህ በበየዓይነቱ የተረፈው ብር ሐይቁ ወደሚታይበት ውድ ክፍል መቀየሪያ አይደለም፤ በመጽሐፉ ሒሳብ ገንዘቡ ቀድሞውንም የሌላ ሰው ነው።

ከወቅት ጋር የሚያያዘው ብክነት ቀላል ነው፣ በመጠየቅ ብቻ ይቀራልና። ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀው ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ሙሉ ግርማው የሚታየው ከክረምቱ ማብቂያ ጀምሮ ባሉት ወራት ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ሥራ የጀመረው የኃይል ማመንጫና በ2001 የተጨመረው ሁለተኛው ውኃውን ስለሚጠልፉ በበጋ ፏፏቴው ቀጭን ሊሆን ይችላል። በመጋቢት መኪና ተከራይቶ የሄደ ቤተሰብ ብዙ ከፍሎ ጥቂት ያያል፤ በዚያው ገንዘብ በጥቅምት ቢሄድ ኖሮ ሌላ ነገር ነው። ለጥምቀት የሚሄድ ደግሞ አልጋ በሚወደድበት ወቅት መሆኑን አውቆ ይሄዳል፤ ታቦት ወርዶ ሕዝቡ ሲያጅብ የሚያይ ልጅ በርካሹ ወቅት አያገኘውም። የሐይቁ ዳር መንገድ፣ ዘንባባዎቹና የማታው ነፋስ ግን በየትኛውም ወር ነጻ ናቸው፤ ልጆች ብዙ ጊዜ ከሁሉ አስበልጠው የሚወዱትም ይህንኑ ነው።

መንገዱን በሚመለከት ቅንጦትና ጥንቃቄ ቦታ የተለዋወጡበት ጊዜ መጥቷል። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በመኪና ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ያህል ነው። ድሮ አውቶቡስ የልከኛ ሰው፣ አውሮፕላን የባለጸጋ ምርጫ ነበር። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ግጭቱ ከበረታ ወዲህ ግን ስለ መንገዱ ደኅንነት ሳይጠይቁ በአውቶቡስ ቤተሰብ መጫን ቁጠባ ተብሎ አይጠራም። አቅም ከሌለ ጉዞውን ማስተላለፍ ይሻላል። ማስተላለፍም የራሱ ዋጋ አለው፤ ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲመራ ከተደረገ በኋላ ለመጪው ዓመት የተቀመጠ ገንዘብ ያኔ የሚገዛው ነገር አነስተኛ ሊሆን ይችላል። ያረጁ ወላጆችን ዘጌን የማሳየት ጉዳይ ሲሆን ደግሞ የሚያንሰው ብር ብቻ አይደለም፤ ከወደቡ ወደ ዑራ ያለውን አቀበት የሚወጣ ጉልበትም ነው።

የመጨረሻው ጉዳይ ብድር ነው። ለጉዞ መበደር ደስታውን ዛሬ ለራስ፣ ሸክሙን ነገ ለቤቱ ሁሉ የሚያደርግ ነው። በእስልምና ሕግ ዕዳ ያለበት ሰው ዕዳውን ከፍሎ የሚተርፈው ከሌለ ሐጅ ግዴታ አይሆንበትም። በክርስትናው ወገን ነገሩን የሚያወሳስበው ስለት ነው። «ልጄ ከዳነ ዑራ ኪዳነ ምሕረት እስማለሁ» ያለች እናት ስለቷን ማዘግየት አትችልም፤ መጽሐፈ መክብብ ተስሎ ከማስቀረት አለመሳል ይሻላል ይላልና። የተሳለችው ግን መሄድን እንጂ ሆቴልን፣ የግል ጀልባንና አዲስ ልብስን አይደለም። ለእንዲህ ያለው ጉዞ የየብሱ መንገድ፣ በሶና ዳቦ ቆሎ የያዘ ስንቅ፣ ከማኅበር ጋር የተጋራ መኪና ይበቃል። የተቀሩት የቤተሰቡ አባላት ደግሞ ሲቻል፣ ከዓመት በኋላም ቢሆን፣ ተቆጥቦ በተለየ ገንዘብ ይሄዳሉ።